የመጪው ጊዜ አነጋገር በጋሞ ትምህርት ቤቶች፦ የአንድ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ትምህርት ታሪክ

በእንግሊዝኛ ወደፊት የሚሆን ድርጊት ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው ግሥ ፊት «ዊል» የተባለው ረዳት ግሥ ይቆማል፤ ረዳት ግሥ የሚባለውም ብቻውን ድርጊትን የማይገልጽ፣ ለዋናው ግሥ ግን ጊዜን ወይም ሁኔታን የሚጨምርለት ቃል ነው። ያው መጪ ድርጊት የሌላ ድርጊት መፈጸሚያ ጊዜ ሆኖ ሲጠቀስ ግን፣ ማለትም «ዌን»፣ «አፍተር»፣ «ቢፎር»፣ «አንቲል» ወይም «አዝ ሱን አዝ» በሚል ቃል በሚጀምር ጥገኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ፣ «ዊል» ይቀርና ግሡ የአሁን ጊዜን መልክ ይይዛል። ጥገኛ ዐረፍተ ነገር ብቻውን ቆሞ ሙሉ ሐሳብ የማይሰጥ፣ በዋናው ዐረፍተ ነገር ላይ ተደግፎ የሚኖር ክፍል ነው። በአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠራ ከርሞ ለበዓል በጋሞ ደጋ ወዳለችው ዶርዜ ስለሚመለስ ሸማኔ የሚናገር ሰው «ሂ ዊል ሪተርን ዌን መስቀል ካምዝ» ማለት ይገባዋል፤ «ዌን መስቀል ዊል ካም» ካለ ግን አድማጩ ሐሳቡን ቢረዳውም አነጋገሩ የእንግሊዝኛ አይሆንም። ይህ ስሕተት በአርባ ምንጭም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች የእንግሊዝኛ መምህራን በተማሪዎች ደብተር ላይ ደጋግመው የሚያርሙት ነው፤ ምክንያቱ ሲጠየቅም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ተማሪው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ስለሚያስብ ነው የሚል ነው። የትምህርቱ ታሪክና የአማርኛ ሰዋስው በቅርብ ሲመረመሩ ግን መልሱ ስንኩል መሆኑ ይታያል፤ ጥፋቱ ከቋንቋዎቹ ይልቅ በማስተማሪያው ልማድ ላይ ያመዝናል።

በመጀመሪያ የእንግሊዝኛው ሥርዓት ከየት እንደመጣ ማየት ተገቢ ነው። ጥንታዊው እንግሊዝኛ ለመጪ ጊዜ የተለየ የግሥ መልክ አልነበረውም፤ የአሁኑ መልክ ለዛሬም ለነገም ያገለግል ነበር፤ ጊዜውን የሚለየው የንግግሩ ዐውድ ነበር። «ዊል» ያን ጊዜ መፈለግን፣ «ሻል» ደግሞ ግዴታን የሚገልጹ ሙሉ ግሦች ነበሩ፤ በመካከለኛው ዘመን ቀስ በቀስ እየተዳከሙ የመጪ ጊዜ ረዳቶች ሆኑ። ለውጡ በተለይ የጸናው ተናጋሪው አንድን ነገር ይሆናል ብሎ በሚያስረግጥበት በዋናው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲሆን፣ ማስረገጥ የሌለበት፣ ጊዜን ብቻ የሚያመለክተው ጥገኛ ክፍል ግን በአሮጌው መልክ ቆየ። ነገሩ ያለ ልዩነት የተፈጸመ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በእንዲህ ያለ ጥገኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንዳንድ ጊዜ «ሻል»ን ያስገባል፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ምንም ረዳት የሌለበትን እርቃን ግሥ ይጠቀማል። እ.ኤ.አ. በ1653 ጆን ዋሊስ የእንግሊዝኛን ሰዋስው በላቲን ጽፎ ሲያሳትም ስለ «ሻል»ና «ዊል» አጠቃቀም ደንብ አወጣ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ሰዋስው ጸሐፊዎችም የላቲንን የኃላፊ፣ የአሁንና የመጪ ሦስትዮሽ ለእንግሊዝኛ አለበሱት። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ዴንማርካዊው የቋንቋ ሊቅ ኦቶ የስፐርሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ ራንዶልፍ ኩወርክና ባልደረቦቹ እንግሊዝኛ በትክክለኛው ትርጉሙ የመጪ ጊዜ የግሥ መልክ የለውም እስከ ማለት ደርሰዋል። የሦስትዮሹ ሰንጠረዥ ግን በትምህርት ቤት መጻሕፍት ውስጥ ቀረ፤ ወደ ኢትዮጵያም የገባው በዚሁ መልኩ ነው።

የውጭ ቋንቋ ትምህርት በኢትዮጵያ ሲጀመር ተማሪዎቹ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። በቅኔ ቤት የተማረ ሰው የግሥን እርባታ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሲሆን፣ ቀዳማይ አንቀጽ ወይም ኃላፊ፣ ካልዓይ አንቀጽ ወይም ትንቢት፣ ሣልሳይ አንቀጽ ወይም ዘንድ፣ እንዲሁም ትእዛዝ እያለ የግዕዝን ግሥ በየመልኩ ይከፋፍል ነበር። በዚህ ትውፊት «ትንቢት» የሚባለው መልክ ያላለቀን ድርጊት ሁሉ የሚይዝ በመሆኑ ወደፊት የሚሆነውንም አሁን በመሆን ላይ ያለውንም ይገልጻል። ይህ አከፋፈል ከጥንታዊው እንግሊዝኛ ጠባይ ጋር ሳይጣላ ይሄድ ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን በሌላ መንገድ ሄደ፤ ለእያንዳንዱ የጊዜ ስም አንድ የግሥ መልክ መድቦ፣ የመጪውን ጊዜ ሳጥን በ«ዊል» ሞላው። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የአማርኛ ሰዋስዋቸውን በ1935 ዓ.ም. ሲያሳትሙ የጥንቱን የሊቃውንት ትምህርትና የአውሮፓውያንን የሰዋስው አቀራረብ በአንድነት ይዘው ነበር፤ የእንግሊዝኛው ክፍል ግን ከዚህ ሀብት አልተበደረም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ፈረንሳይኛ የነበረው ድርሻ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትና በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ከሚሰጡት የውጭ ቋንቋዎች መካከል ፈረንሳይኛ ከፍ ያለ ቦታ ነበረው፤ የጅቡቲው የባቡር መስመርና የውጭ ጉዳይ ሥራም በዚሁ ቋንቋ ይካሄዱ ነበር። ፈረንሳይኛ ደግሞ በጊዜ ጥገኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የመጪ ጊዜን መልክ ይጠቀማል፤ «ካን ኢል ቪየንድራ» ሲል ግሡ ራሱ መጪ ነው፤ ጣሊያንኛም «ኳንዶ ቬራ» እያለ እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ በፈረንሳይኛ ተምሮ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረው የመጀመሪያው የተማረ ትውልድ «ዌን»ን ከ«ዊል» ጋር ቢያጣምር ስሕተቱን ከአማርኛ ሳይሆን ከሌላ የአውሮፓ ቋንቋ አምጥቶታል ማለት ይቻላል። ከነጻነት በኋላም ቢሆን ፈረንሳይኛ ከሕግ ሥራ አልወጣም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መጀመሪያ በሕግ ሊቁ በሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ነው ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰው።

በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ተባርሮ የእንግሊዝ ጦርና አማካሪዎች ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሲገቡ ሚዛኑ ተለወጠ። እንግሊዝኛ የትምህርት ቋንቋ ሆነ፤ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው ነጋሪት ጋዜጣም አዋጆችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ያወጣ ጀመር፤ በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ያስተማረው በእንግሊዝኛ ነው። የነጋሪት ጋዜጣው ዓምድ ለዚህ ጥናት ልዩ ዋጋ አለው። አንድ አዋጅ ታትሞ «ከወጣበት ቀን ጀምሮ» የጸና ይሆናል ሲባል አማርኛው ገና ያልሆነውን ነገር በኃላፊ መልክ ያስቀምጠዋል፤ በእንግሊዝኛው ዓምድ ግን «ሻል» በየአንቀጹ ይመላለሳል። ሕግ የሚያነብ ተማሪ «ሻል»ን የመጪ ጊዜ ምልክት አድርጎ ቢይዘው አያስደንቅም፤ በሕግ ቋንቋ «ሻል» ግዴታን እንጂ ጊዜን እንደማያመለክት የሚነግረው ሰው ያስፈልገው ነበር።

በጋሞ ደጋ በዚያ ዘመን የአስተዳደሩ መቀመጫ ከባሕር ወለል ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ጨንቻ ነበረች። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ግን የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከደጋው ወርዶ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ፣ ስሙን ከምንጮቹ ብዛት ባገኘው በአርባ ምንጭ ተተከለ፤ ሴቻና ሲቀላ የተባሉት ሁለቱ የከተማዋ ክፍሎች አንዱ በዳገቱ፣ ሌላው በሜዳው ላይ አደጉ። በእነዚሁ ዓመታት አማርኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ ተደነገገ፤ እንግሊዝኛ ከሦስተኛ ክፍል እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይጀመርና ከሰባተኛ ክፍል ወዲያ የሁሉም ትምህርት ቋንቋ ይሆን ነበር። ስለዚህ የጋሞ ልጅ በቤቱ ጋሞኛ፣ በታችኛው ክፍል አማርኛ፣ በላይኛው እንግሊዝኛ እየተናገረ በሦስት ሰዋስው ውስጥ አለፈ። ሦስቱንም ጎን ለጎን አስቀምጦ ያሳየው መጽሐፍ አልነበረም። በ1955 ዓ.ም. መግቢያ የመጡት የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት በየጠቅላይ ግዛቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲበተኑ የእንግሊዝኛ ተናጋሪን ድምፅ ለተማሪው አቀረቡለት፤ የክፍሉን ቋንቋ ግን አብዛኞቹ ስለማያውቁት ስሕተቱን ከማረም በቀር ምንጩን ማሳየት አይችሉም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተለዋወጡት መማሪያ መጻሕፍት በይዘታቸው ይለያያሉ፤ በደርግ ዘመን ሥራ ላይ የዋለው «ኢንግሊሽ ፎር ኒው ኢትዮጵያ»ም ሆነ በኋላ የመጣው «ኢንግሊሽ ፎር ኢትዮጵያ» የየዘመናቸውን የማስተማር ስልት ተከትለዋል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ግን ብዙም አልተለወጠም፦ ሦስት ዓምድ፣ በሦስተኛው ዓምድ «ዊል»። የጊዜ ጥገኛ ዐረፍተ ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም «ኢፍ» ከሚለው የሁኔታ ቃል ጋር ተዳብሎ፣ እንደ ልዩ ደንብ ነው። ተማሪው መጀመሪያ «መጪ ማለት ‹ዊል› ነው» ብሎ ያጸናውን በኋላ «እዚህ ግን አይደለም» ሲባል ደንቡን በቃሉ ይይዘዋል እንጂ ምክንያቱን አያገኝም። የምርጫ ጥያቄ ያለበት ፈተናም ይህን አጠናከረው፤ በፈተና ላይ «ዌን» ባየ ጊዜ «ዊል» የሌለበትን ምርጫ ማክበብ የለመደ ልጅ ነጥቡን ያገኛል፣ ደብዳቤ ሲጽፍ ግን ሰሌዳው ላይ ወዳየው ዓምድ ይመለሳል።

በዚህም ላይ ጉዳት አለ። «ዌን» ሁለት ሥራ ያለው ቃል ነው። ሸማኔው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም ለማለት እንግሊዝኛው «ዌን ሂ ዊል ሪተርን» ይላል፤ እዚህ «ዊል» በቦታው ነው፤ ምክንያቱም ጥገኛው ክፍል የጊዜ ምልክት ሳይሆን ያልተመለሰ ጥያቄ ነው። «ዌን» ባለበት ሁሉ «ዊል»ን መሰረዝ የለመደ ተማሪ ይህንንም ያበላሸዋል።

አማርኛ የሚያድነው እዚህ ላይ ነው፤ ትምህርት ቤቱም ሳይጠቀምበት የቆየው ሀብት ይኸው ነው። «ይመለሳል» የሚለው የአማርኛ ግሥ «ይመለስ» ከሚለው መሠረትና «አለ» ከሚለው ረዳት የተሠራ ነው፤ ረዳቱ የሚቆመው በዋናው ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ብቻ ሲሆን ግሡ ጥገኛ በሆነ ጊዜ ይወድቃል። «መስቀል ሲደርስ ይመለሳል» ይባላል እንጂ «ሲደርሳል» የሚል አማርኛ ተናጋሪ የለም። «እስኪመለስ»፣ «ሳይመለስ» ሲባልም እንዲሁ ነው። «ከተመለሰ በኋላ»፣ «እንደተመለሰ» እና «ከተመለሰ» በሚሉት ላይ ደግሞ አማርኛ ከእንግሊዝኛም አልፎ ይሄዳል፤ ገና ያልሆነውን መመለስ በኃላፊ መልክ ይናገረዋል። ይህ የኃላፊ መልክ እንግሊዝኛ በጊዜ ጥገኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለተኛ አማራጭ አድርጎ የሚያቀርበውን፣ «ሃዝ» ወይም «ሃቭ» በሚሉት ረዳቶች የሚሠራውንና ድርጊቱ አልቆ መታየቱን የሚያመለክተውን መልክ በደንብ ያስረዳል። ሸማኔው ጋቢውን ሲጨርስ ይሸጠዋል ለማለት «ዌን ሂ ፊኒሽዝ» በቂ ነው፤ ጋቢው አልቆ ከእጁ ከወጣ በኋላ ነው ለማለት ሲፈለግ ግን «አፍተር ሂ ሃዝ ፊኒሽድ» ይሻላል፤ በ«ሲጨርስ» እና በ«ከጨረሰ በኋላ» መካከል ያለውን ልዩነት የሚሰማ ጆሮ ሁለቱን ለመለየት ብዙ ልምምድ አያሻውም።

የ«ዌን»ን ሁለት ሥራ በተመለከተም አማርኛ በሁለት የተለያዩ ቅርጾች ይናገራል፦ «ሲመለስ» አንዱ ነው፣ «መቼ እንደሚመለስ» ሌላው ነው። «ሲ»፣ «እስኪ»፣ «ሳይ»፣ «ከ… በኋላ»፣ «ከ… በፊት» ባሉበት እንግሊዝኛው «ዊል»ን ይጥላል፤ «እንደሚ» ባለበትና ስምን በሚያጎላው «የሚ» ባለበት ግን «ዊል» ሊቆም ይችላል፤ «የሚመለሰው ሰው» እና «እንደሚመለስ አውቃለሁ» ለዚህ ምስክር ናቸው። ንጽጽሩ ፍጹም አይደለም፤ አማርኛ ረዳቱን ከጥገኛ ግሥ ሁሉ ሲያነሣ እንግሊዝኛ የሚያነሣው በተለይ ከጊዜና ከሁኔታ ጥገኛ ክፍሎች ነው። ይሁንና ለክፍል ከሦስቱ ዓምዶች የተሻለ መንገድ ያሳያል።

አንድ ወጥመድ መጠቀስ አለበት። የመሥሪያ ቤትና የመማሪያ መጽሐፍ አማርኛ «ሲመለስ» የሚለውን አጭር ቃል ትቶ «በሚመለስበት ጊዜ» ማለትን ይመርጣል፤ «እስኪመለስ» የሚለውንም «እስከሚመለስበት ጊዜ ድረስ» ያደርገዋል። ይህ የተንዛዛ ቅርጽ «የሚ»ን በውስጡ ስለሸሸገ ተማሪው ቃል በቃል ሲመልሰው «ዊል»ን ይጠራበታል። ስለዚህ የስሕተቱ ከፊል ምንጭ የሕዝቡ አማርኛ ሳይሆን የጽሕፈት ቤቱ አማርኛ ነው፤ ረጅሙ ቅርጽ ወደ «ሲ» ወይም ወደ «እስኪ» መመለስ ከቻለ «ዊል» አያስፈልግም።

ስለ ጋሞኛ የተጻፈው ከአማርኛው ያነሰ ነው። ጋሞኛ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች ወገን ሆኖ ከወላይትኛ፣ ከጎፍኛና ከዳውርኛ ጋር በሰሜን ኦሜቶ ስብስብ ውስጥ ይቆጠራል፤ ኤቫ ሆምፖ ስለ ሰዋስዉ ያዘጋጀችው አጭር ጥናት ሪቻርድ ሄይዋርድ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው የኦሞአዊ ቋንቋዎች መድበል ውስጥ ይገኛል። ግሡ በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ያርፋል፤ ጥገኛውም ክፍል እንደ አማርኛው ከዋናው ይቀድማል። ይህ ቅደም ተከተል ለእንግሊዝኛው ትምህርት ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም እንግሊዝኛ ጥገኛውን ክፍል ከዋናው በኋላም ያስቀምጣል፣ በዋናው ክፍል «ዊል» ያለው ተማሪም በጥገኛው ላይ ሊደግመው ይፈተናል። ጊዜውን አስቀድሞ መናገር የለመደው የጋሞ ልጅ መጀመሪያ «ዌን መስቀል ካምዝ» ብሎ እንዲጀምር ቢደረግ ከቤቱ አነጋገር ሳይርቅ ትክክለኛውን መልክ ይይዛል።

ጋሞኛ ወደ ትምህርት ቤት የገባው ዘግይቶና በችግር ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመጨረሻ 15 ቋንቋዎችን ሲያቅፍ ወላይትኛ ከእነርሱ አንዱ ነበር፤ ጋሞኛ ግን አልነበረበትም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአፍ መፍቻ ቋንቋን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት መስጫ ሲያደርግ በሰሜን ኦሞ ዞን የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች አዋሕዶ «ወጋጎዳ» በሚል ስም አንድ የመማሪያ ቋንቋ ለመሥራት ተሞከረ፤ ሙከራው በ1992 ዓ.ም. በወላይታ ሶዶ ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶ መጻሕፍቱ ተነሡ፣ ዞኑም ብዙ ሳይቆይ ተከፋፈለ። የጋሞ ዞን ለብቻው የቆመው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ይገኛል። በቀድሞው የደቡብ ክልል እንግሊዝኛ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ ስለነበር የጋሞ ልጅ ሂሳቡንና ሳይንሱን በውጭ ቋንቋ የሚማርበት ጊዜ ከአያቱ ዘመን በሁለት ዓመት ቀደመ፤ በአማርኛ የሚያሳልፈው ጊዜም አጠረ። በ1997 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች የገባው፣ ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀውና ሕዝቡ «ፕላዝማ» ብሎ የሰየመው የቴሌቪዥን ትምህርት ደግሞ የእንግሊዝኛውን ፍጥነት በመምህሩ ሳይሆን በመሣሪያው እጅ አደረገው።

የጊዜ ጥገኛ ዐረፍተ ነገርን በትክክል የማወቅ ጥቅም በአርባ ምንጭ ከሰዋስው መጽሐፍ ውጭ ይታያል። በ1979 ዓ.ም. የተቋቋመው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲ አድጎ የአገሪቱን የመስኖና የውሃ መሐንዲሶች ሲያሠለጥን ኖሯል። የመሐንዲስ መመሪያ በአብዛኛው በጊዜ ጥገኛ ዐረፍተ ነገር የተሞላ ነው፦ ውሃው እዚህ ልክ ሲደርስ መዝጊያውን ዝጋ፣ ቦዩ እስኪደርቅ ጠብቅ፣ ግፊቱ ከወረደ በኋላ ክፈት። በሃሬ ወንዝ ውሃ ሙዝ በሚለማበት አገር እንዲህ ያለውን መመሪያ በእንግሊዝኛ አንብቦ ለገበሬው በጋሞኛ ወይም በአማርኛ የሚያስረዳ ባለሙያ «ሲደርስ» እና «መቼ እንደሚደርስ» የሚሉትን ቢያቀላቅል ውጤቱ በእርሻው ላይ ይታያል።

በመሆኑም የዞኑ የመምህራን ኮሌጅና የዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ክፍሎች ሊሠሩት የሚገባ ግልጽ ሥራ አለ፤ የጋሞኛን የጊዜ ጥገኛ ግሦች በየወረዳው አነጋገር ሰብስበው ከአማርኛው «ሲ»፣ «እስኪ» እና «ከ… በኋላ» አጠገብ ያስቀምጧቸው፣ ይህንንም የሦስት ቋንቋ ንጽጽር የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ መምህር በእጁ እንዲይዘው ያድርጉ። መምህሩም «ዊል»ን በሦስተኛው ዓምድ ከመጻፉ በፊት ስለ መስቀል መምጣት በጋሞኛና በአማርኛ እንዴት እንደሚነገር ተማሪዎቹን ይጠይቃቸው።